በቀይ ነጥብ የመሰከርሁለት ቻርጀር

ሱቄን ከዘጋሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሰው ሥራ ሲያቆም ያርፋል ይላሉ፤ ለእኔ አልሆነልኝም። ልጄ ቤት ስሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ይዞራል። የተሰካ ቻርጀር ካየሁ ነቅዬ እዳብሰዋለሁ፣ አሸትተዋለሁ፣ መዳፌ ላይ አድርጌ ክብደቱን እገምታለሁ። «እማዬ፣ በአላህ ተይው፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው» ትለኛለች። ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም እንዲሁ ነኝ። በቀደም የጎረቤት ኒካህ ላይ ተጠርቼ፣ ሰው ምግብ ሲያነሣ እኔ ጓዳ ገብቼ የማላውቀውን ሰው ስልክ ስነቅል ተያዝሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ። እንዲህ ያደረገኝን ነገር የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። እሱን ልናገር ነው ዛሬ የተቀመጥሁት፣ ሳልነሣ መጨረስ ከቻልሁ።

ዘሃራ እባላለሁ። አባቴ ጎንደር፣ አራዳ ላይ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የሱቁን ግማሽ ለአንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል አከራየው። ሰውየው አስር አለቃ ደምሴ ይባላል፤ ጦሩ ውስጥ ሥራው የመገናኛ ሬዲዮ መጠገን ነበር። ጦሩ ሲበተን ይዞት የተመለሰው የለበሰውን ካፖርትና አንድ መበየጃ ብቻ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ጨርቅ እለካለሁ። እጄ ጨርቁን ይለካል እንጂ ዓይኔ ከአስር አለቃ ጠረጴዛ አይነቀልም።

«ምነው ታይኛለሽ?» አለኝ አንድ ቀን።

«የሚናገረው የቱ ነው?» አልሁት የተከፈተውን ሬዲዮ እያየሁ።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ሬዲዮውን ወደ እኔ አዞረና ከአንቴናው ጀምሮ እስከ ድምፅ ማውጫው ድረስ በእርሳስ ጫፍ እየነካ አሳየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጨርቅ ቤቱ እኔን አጣኝ። አባቴ መጀመሪያ «ሴት ልጅ ከኮረንቲ ጋር ምን አላት?» ብሎ ተቆጣ። አስር አለቃም «አያ ሰይድ፣ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእሷ አይንቀጠቀጥም» አለው። ነገሩ በዚህ አለቀ።

አስር አለቃ አስተምርሻለሁ ብሎ አያውቅም። ልማዶቹን ነው የቀዳሁት። መብራት የያዘ ዕቃ ሲነካ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። «ኮረንቲ በአንድ እጅሽ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ሲል መንገዱ በልብሽ ላይ ነው» ይለኛል። የእኔ ቀሚስ ኪስ አልነበረውም። ኪስ አሰፍተሽ ነይ ብሎ ወደ ቤት መለሰኝ፤ አሰፍቼ መጣሁ። የማያውቀውን ዕቃ ቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። መጀመሪያ አንድ ተራ አምፖል መሐል አስገብቶ ያገናኘዋል፤ አምፖሉ ቦግ ካለ ዕቃው ውስጡ ተነካክቷል ማለት ነው። ጠግኖ ከጨረሰ በኋላም «ተሠርቷል» አይልም። ዕቃውን ከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋል፤ ባለቤቱ በማግስቱ ነው የሚወስደው። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ነበር፦ ነጋዴ ዐሥር ሬዲዮ አምጥቶ «እያቸውና ደህና ናቸው በልልኝ» ቢለው ዐሥሩንም ይከፍታል። «ወንድማማች ናቸው፣ ከአንድ ካርቶን ነው የወጡት» ቢሉት «ቃየልና አቤልም ከአንድ ማኅፀን ነው የወጡት» ይላል።

ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የትምህርት ቤቶችን ሬዲዮ የሚጠግን ፈልጎ ቀጠረኝ። ደመወዙ ለመንገዴና ለሻዬ እንኳ በቅጡ አይበቃም። አለቃዬም የመበየጃ እርሳስ ለመግዛት ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ነበር፤ ሦስተኛው ፈራሚ እስኪመለስ ሬዲዮው ዓመቱን ሙሉ ዝም ይላል። መንገዱን ግን ወደድሁት። ከደንቢያ እስከ ወገራ፣ እስከ ዳባት፣ ቦርሳዬን አንግቤ በአይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ያልገባሁበት ቀበሌ የለም። ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ እበይድ ነበር።

የኔታ ክንፉን ያገኘሁት በዚያ ዘመን ነው። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ የድጓ መምህር ናቸው። የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ ስጠግን ሰምተው፣ በሲባጎ የታሰረች የራሳቸውን ሬዲዮ ይዘው መጡ። ስከፍታት አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ነገር «ይህችስ ምን ታደርጋለች?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በሚቀጥለው ስመጣ አንዱንም ሳይዘነጉ መልሰው ይነግሩኛል፤ በቃል የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቆሎ ታቀርብልኛለች። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ተዋወቅን። እኔ ለአረፋ ስጠራቸው ፍስክ ቢሆንም ሥጋውን አይበሉልኝ፤ እኔም የእነሱን ሥጋ አልበላ፤ ሽሮና ቆሎ ላይ ግን ልዩነት አልነበረንም።

ከዚያ ሞባይል መጣና ሬዲዮ ሞተ። ትምህርት ቤቶቹም ሌላ ነገር አመጡ፣ እኔም ከሥራው ተቀነስሁ። አባቴ አልፎ ነበር። አስር አለቃም ሸምግሎ ደባርቅ እህቱ ዘንድ ገብቷል። የእሱን ጠረጴዛ ይዤ ስልክ መጠገን ጀመርሁ። የሱቁ ሌላው ግማሽ የታናሽ ወንድሜ የኑረዲን ሆነ፤ ጨርቁን ትቶ የስልክ ዕቃ መሸጥ ያዘ።

መጀመሪያ የመጡት ቻርጀሮች ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ነበሩ፤ ከባዶች፣ ዝም ያሉ። እነሱ ሲበላሹ ሰው የሚገዛው ከመንገድ ዳር ነው። እነዚያ ቀላል ናቸው፣ እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ። ሲሰኩ ሲስ ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ፀጉር ሠሪ መጥታ «እህቴ፣ ስልኬ ይነክሰኛል» አለችኝ።

«እንዴት ይነክስሻል?»

«ተሰክቶ ስነካው ጣቴን እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ሰው ሲሰማ ያበድሁ ይመስለዋል።»

አላበደችም። ስልኩን በቴስተር ለካሁት፤ የግድግዳው ኃይል ወደ ስልኩ እየሾለከ ነው። ቻርጀሩን ከፈትሁት። ቻርጀር ውስጡ ሁለት ሰፈር ነው። በአንዱ ወገን የግድግዳው ትልቁ ኮረንቲ አለ፤ በሌላው ወገን ወደ ስልኩ የሚሄደው ትንሹ። መሐላቸው ወሰን መኖር አለበት፣ ምንም ያልተጣፈበት ባዶ ስፍራ። በሸጋው ቻርጀር ያ ወሰን የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህል ይሰፋል። በዚህኛው የክር ያህል ነበር። ትንሿ ትራንስፎርመርም ሽቦዋ በፕላስተር መለበጥ ሲገባው እርቃኑን ተጠቅልሏል። ፊውዝ የሚባል የለም። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ፣ ያውም እኛ አገር፣ ይህ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ እያሰብሁ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ።

ኑረዲንን ጠራሁትና አሳየሁት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደነገጠ። «እንግዲያው አንቺ እያየሽ እንሽጥ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ የሚያመጣውን እኔ እከፍታለሁ፣ ደህናው ላይ በቀይ ጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። መጥፎውን ይመልሰዋል ወይም ይጥለዋል። ሰው አወቀው። «ነጥብ ያለበት ስጠኝ» ማለት ተለመደ። ከዳባት፣ ከእንፍራንዝ፣ ከቆላ ድባ ነጋዴዎች እየመጡ ከኑረዲን በጅምላ ይወስዱ ጀመር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ ሰው «የዘሃራ ነጥብ» ሲል ስሰማ አንገቴ ይቀና ነበር።

አንድ የአረፋ ሰሞን ኑረዲን ከአዲስ አበባ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ጅምላ ገዢዎቹ በር ላይ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ቤቴ እንግዳ ሞልቶ፣ ሥራ ተከምሮብኝ፣ ወገቤን አሞኛል።

«ዛሬ መሄድ አለበት» አለኝ። «ባለፈው ያየሽው ዓይነት ነው፣ ማሸጊያውም አንድ ነው። ሁለት ሦስቱን ክፈቺና ነጥቡን አድርጊ።»

ሦስት ከፈትሁ። ሦስቱንም ያነሣኋቸው ከላይ ነው። ሦስቱም ሸጋ ነበሩ። የቀረውን የጥፍር ቀለሙን ብሩሽ ይዤ እንደ ጥልፍ ነጠብሁት፤ ነጥቡን አድርጌ እስክጨርስ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። እየነጠብሁ አስር አለቃ ትዝ ብሎኛል። ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ወንድሜ ነው፣ ሰው ቆሟል፣ በዓል ነው ብዬ አለፍሁት።

በሳምንቱ የኔታ ክንፉ መጡ። ሴት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ጀርባው ብረት የሆነ ስልክ ልካላቸዋለች። የተማሪዎቻቸውን ዜማ ይቀዱበታል፤ ማታ ያዳምጡና ጠዋት ያርሟቸዋል። ቻርጀሩ ጠፍቶባቸው ነው የመጡት።

«ልጄ ዘሃራ፣ ይህ ነገር ይታመናል?» አሉኝ ከመደርደሪያው ያወረድሁላቸውን እያገላበጡ።

«ነጥቡን አያዩም? እኔ ነኝ ያየሁት» አልኋቸው።

«እንግዲያው ምን እጠይቃለሁ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሐምሌ ላይ ማረፋቸውን ከአንድ ሹፌር ሰማሁ። ቀብሩ አምልጦኝ በሦስተኛው ቀን አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ዝናብ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የመሬቱ ወለል ሁሉ ረጥቧል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ለመጣው ሰው ሁሉ እንደምትነግረው ነገረችኝ።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው መሬት፣ ያንን ገመድ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ዜማውን ይሰማሉ። ሰማዩ ያጉረመርማል። እኔ ስጥ ላነሣ ወጣሁ። መብራቱ መጣ፣ ወዲያውም ነጎደ። ስመለስ ጋደም ብለዋል። የተኙ መስሎኝ ልብስ ደረብሁላቸው፣ ዘሃራ። ልብስ ደረብሁላቸው።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ካህናቱ ሲገንዙ ከጆሯቸው ሥር ጥቁር አዩ። መብረቅ ነው አሉ።»

እየሰማኋት ዓይኔ ከመደቡ በላይ ሄደ። ቻርጀሩ አሁንም እንደተሰካ ነው። ቀዩ ነጥብ ከተቀመጥሁበት ይታየኛል።

ተነሣሁ። በደረቅ ጨርቅ ይዤ ነቀልሁት። «ይህን ልውሰደው?» አልኋት። «ውሰጂው፣ ምን ያደርግልኛል» አለች።

ማኪና ተራ ሄጄ የጎንደሩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስኪሞላ ይቆማል። ካቻቢቴዬ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ከፈትሁት። ወሰን የለውም። ትራንስፎርመሩ ከስሏል። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሻገረው አንድ ትንሽ ዕቃ ፈንድቶ ጥቁር መስመር ጥሏል፤ መስመሩ በቀጥታ ወደ ስልኩ ገመድ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ፣ መብራቱ ሲመለስ፣ በዚያች መስመር አልፎ ጆሯቸው ድረስ ሄዷል። ለእኔ ይህ እንደ ደብዳቤ ግልጽ ነበር። ከእኔ ሌላ ግን የሚያነበው አልነበረም።

ሚኒባሱ ሞላ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መብረቅ ነው ብለዋል፤ ተቀብረዋል፤ ማንም አይጠይቅም አልሁ በልቤ። ከዚያ «ወራጅ!» ብዬ ጮኽሁ። ረዳቱ «ገና ሳንንቀሳቀስ?» ብሎ ሳቀብኝ። በጭቃው ውስጥ ተመለስሁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅን ወደ ጓዳ ጠራኋት። «እትዬ፣ መብረቅ አይደለም» አልኋት። «ቻርጀሩ ነው። እኔ የሰጠኋቸው። አይቼዋለሁ ብያቸው ነበር፤ አላየሁትም።»

የተከፈተውን እጄ ላይ አየችው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ነገርሽኝ?» አለች ቀስ ብላ። «የእግዜር ነው ብዬ ችዬው ነበር። ከእግዜር ጋር ሰው አይጣላም። አሁን በምን ልቻለው?»

እጇን ልይዝ ስል ሰበሰበችው። «ሂጂ» አለችኝ። ወጣሁ።

ወደ ጎንደር መመለስ አቃተኝ። መንገድ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የመጣው ማኪና ወደ ላይ የሚወጣ ነበር፤ ተሳፈርሁና ደባርቅ ወረድሁ። አስር አለቃ ደምሴን እህቱ ቤት ደጃፍ፣ ካፖርት ለብሶ ፀሐይ የምትወጣበትን ሲጠብቅ አገኘሁት። ዓይኑ ደክሟል። ድምፄን ሲሰማ «ኪስሽን አሰፋሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሁሉንም ነገርሁት።

«ስንቱን ከፈትሽ?» አለ።

«ሦስት።»

«ከየት?»

«ከላይ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አይዞሽ» እንዲለኝ ነበር የሄድሁት፣ አሁን ሳስበው። እሱ ግን «ቀሪዎቹ የት ናቸው?» አለኝ።

«ተሽጠዋል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ጎንደር ነበርሁ።

ከኑረዲን ጋር የተጣላነው ያን ቀን ነው። የተከፈተውን ቻርጀር ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ፣ «ኢንና ሊላሂ» አለ፣ ተቀመጠ። ከዚያ የነጋዴ ነገር መጣበት።

«ከተማው ውስጥ ያለው ሁሉ ይኸው አይደል? ምነው የእኔ ብቻ ተለየ? ነገ ሰው የሰይድ ልጅ ገዳይ ነው ቢለኝ ልጆቼ የት ይገባሉ?»

«የሌላው ላይ የእኔ ምልክት የለበትም።»

«ምስክሬ አንቺ ነበርሽ!» ብሎ ጮኸ። «ካርቶኑን አልደበቅሁብሽም። ክፈቺ ብዬ ሰጠሁሽ።»

እውነቱን ነው። ሱቁ ውስጥ የቀረውን የካርቶኑን ታች ዘርግፈን ሁለታችንም ከፈትነው። ከላይ ያለው አንድ ዓይነት፣ ከታች ያለው ሌላ፤ ልብሱ ግን አንድ ነው። ኑረዲን እየከፈተ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ለማን ለማን እንደሸጠ ስማቸውን ነገረኝ። አብሮኝ ግን አልሄደም፤ ለወራትም አላናገረኝም።

እኔ መንገድ ጀመርሁ። ዳባት ያለው ነጋዴ ሸጋ ሰው ነበር፤ የቀረውን ሁሉ ዘረገፈልኝ፣ የገዙትንም ቤት ለቤት እየዞረ አሳየኝ። እንፍራንዝ ያለው «ገንዘቤን አምጪና ውሰጂ» አለኝ፤ ሰጥቼ ወሰድሁ። ከዚያ ቆላ ድባ ወረድሁ። ገበያው ዳር አንዲት ሴት ሸራ ዘርግታ የእጅ ባትሪ፣ ማበጠሪያ፣ ቻርጀር ትሸጣለች። ቻርጀሮቹ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለባቸው። የእኛ መሰሉኝ። አንዱን አንሥቼ ሳገላብጠው ግን ማሸጊያው የኑረዲን አይደለም፤ ቅርጹም ሌላ ነው።

«ይህን ነጥብ ማን አደረገበት?» አልኋት።

«ነጥብ ከሌለበት ሰው አይገዛኝም፣ እቴ» አለች ሳትደብቅ። ከሸራው ጥግ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ አውጥታ አሳየችኝ። «እኔው ነኝ የምቀባው። ገበያው ሁሉ ይቀባል። አራዳ ያለች አንዲት ሴትዮ ናት አሉ የጀመረችው።»

እዚያው ሸራዋ ጫፍ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «ውኃ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች። እኔ መሆኔን ስነግራት ብልቃጡን በቀሚሷ ደበቀች፤ ልቆጣት መስሏት። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? እሷም የነጠበችው እኔ እንዳደረግሁት ሳትከፍት ነው።

ከዚያ በኋላ የእኔን ካርቶን ብቻ መሰብሰብ ትርጉም እንደሌለው ገባኝ። ነጥቡ ራሱ መሞት ነበረበት። ሰፈራችን መስጊድ ኢማም ዘንድ ሄድሁ፤ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነገሩልኝ። ቆላ ድባና አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ የደብሩን አስተዳዳሪዎች ለመንሁ። የአምባ ጊዮርጊሱ ቄስ «እኛ ከምንናገረው አንቺው ብትናገሪው ይታመናል» አሉኝ። ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ሻሼን እየጎተትሁ «ቀይ ነጥብ ያለበት ቻርጀር ያላችሁ አትስኩት። ነጥቡ ምስክር አይደለም። እኔ ነኝ የጀመርሁት፤ ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ። የኔታ ክንፉንም መብረቅ አልመታቸውም» አልሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። አንድ ሰው «ሌባ!» አለኝ። አንድ ሽማግሌም «ሌባ ተደብቆ ነው የሚሄድ፤ ተዋት» አለው። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ሰው ቻርጀሩን እየያዘ ወደ ሱቄ ይመጣ ጀመር። ጠረጴዛዬን ወደ በሩ አወጣሁትና ባለቤቱ እያየ እከፍታለሁ፤ ወሰኑን በእርሳስ አሳያለሁ፤ ፍርዱን ለራሱ እተዋለሁ። ምልክት አላደርግም፣ ቃልም አልሰጥም። ጥገና የሚያመጣልኝ ሰው ቀነሰ፤ በእኔ ላይ እምነቱን ያጣ ብዙ ነበር፣ አልፈርድበትም። ኑረዲን ቻርጀር መሸጥ ተወ። በመጨረሻ በአንድ ኢድ መጥቶ ከልጆቼ ጋር ማዕድ ቆረሰ። እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለንም። አስር አለቃ ደምሴ በሁለተኛው ዓመት አረፈ፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ስለ ካርቶኑ ዳግመኛ አላነሣብኝም።

እኔ ግን መተኛት ተውሁ። ዝናብ ባጉረመረመ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እነሣለሁ። ስንቱ ቤት ምን እንደተሰካ አላውቅም። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ዓይኔ እየደበዘዘ፣ በመጨረሻም እጄ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ትንሿን ብሎን መያዝ ሲያቅተኝ መዝጋት እንዳለብኝ አወቅሁ።

ልዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ስከት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበረች። ከዚያ ከቅጥሩ በር ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አርጅታለች። «እትዬ፣ ግቢ» አልኋት።

ገባች። ከመቀነቷ ስልክና ገና ከማሸጊያው ያልወጣ ቻርጀር አወጣች። «ልጄ የግድ ስልክ ያዢ አለችኝ። ያለ መብራት መኖር መርጬ ነበር፤ አልሆነም። ክፈቺልኝ፤ እያየሁሽ።»

ወንበር ሰጠኋት። ብሎኑን ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ካቻቢቴው እየሾለከ። ከፈትሁትና ወደ ብርሃኑ አዞርሁላት። ፊውዙን፣ የተለበጠውን ትራንስፎርመር፣ ሰፊውን ወሰን አሳየኋት።

«ይኸ ሸጋ ነው?»

«ሸጋ ነው፣ ወላሂ…»

«አትማይልኝ» አለች። «አሳይኝ።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና በወሰኑ ላይ ራሷ ዳር እስከ ዳር አስኬደችው። ጣቷን አስጠግታ ስፋቱን ለካችው። «ያኛው ይህ አልነበረውም?» አለች።

«አልነበረውም።»

ራሷን ነቀነቀች። «ግጠሚልኝ።»

ገጠምሁት። ወደ ግድግዳዬ ሄዳ ራሷ ሰካችው፣ ስልኩን አገናኘችው፣ ወንበሯን ስባ ከአጠገቡ ተቀመጠች። እኔም ወንበሬን አምጥቼ ከጎኗ ተቀመጥሁ። አራዳ በሙሉ በፊታችን ያልፋል፤ ባጃጁ፣ ሻጩ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው። አልፎ አልፎ እጇን ዘርግታ ቻርጀሩን ትዳብሰዋለች፣ ቀጥላም ወደ እኔ ታያለች፣ እኔም እዳብሰዋለሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ባትሪው ሞልቶ እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም ከዚያ አልተነሣንም።